ጥቅል ሁለት

አያቴ በዚያ በር ሲያልፉ ያማትቡ ነበር፤
«ሰይጣን ቤት» ይሉታል፤ ግድግዳ ላይ ባሕር፣
ግድግዳ ላይ ባቡር፣ ጥላ ሲያሳድድ ጥላ፣
የሞተ ሰው ማታ ማታ ተነሥቶ ሲበላ።
እኔ የልጅ ልጃቸው፣ ገና በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣
ሰይጣንን በጣሳ ጭኖ መሮጥ ሆነ ሹመቴ።

ሙሴ ክሪኮር ሁለት ሲኒማ ነበረው፤
አንዱ ታች ለገሃር፣ አንዱ ፒያሳ ነው።
ፊልሙ ግን አንድ ነው፤ ሰውዬው ገንዘብ ይወድ ነበር፤
ታችኛው የጨረሰውን ለላይኛው ማበደር።
ጥቅሉ ከማሽን ሲወርድ፣ ትኩሳቱ ሳይበርድለት፣
በብስክሌት ጭኜ ሽቅብ፣ ቸርችልን በጉልበት።
መውረዱስ ቀላል ነው፤ ባዶ ጣሳ፣ ነፋስ፤
ዳገቱ ነው እንጂ የሚያወጣው ነፍስ።

እትዬ ዘርፈሽዋል፣ ትኬት የምትሸጠው፣
ከቀዳዳው ወዲህ እጇ ነው የሚታየው፤
ከቀለበቷ ፍቅር የያዛቸው ጎረምሶች
ፊቷን ሳያዩ አረጁ፤ ሆኑ የልጆች አባቶች።
ከፊት ወንበር በስሙኒ፣ አንገት እየተጣመመ፤
ጋለሪያ ላይ በብር፣ ሽቶው እየቀደመ።
ጋሽ አርጋው ማሽኑ ጋ፣ በሁለት ቀዳዳ ዓይን፣
ካርቦን ከካርቦን አዋዶ ያበራል ቀትር ፀሐይን።

ሐምሌ ነው። ማታ ነው። ዝናቡ አስፋልት ይገርፋል።
ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ሰንሰለቴ ይበጠሳል።
እኔ ወደ ቱቦው፣ ጣሳው ወደ መጣንበት፤
ክዳኑ ወዲያ በረረ፣ ተተረተረ ጥቅል ሁለት፤
ጀግናው ከነፈረሱ ቁልቁል ሄደ ከጎርፍ ጋራ፣
አንዲት ቮልስዋገን መጣች፣ ረገጠችው በጎማዋ።
ሰበሰብኩት በክንዴ፣ እንደ ሸማኔ ድሩን፤
እየሮጥኩ በእግሬ ወጣሁ የቀረውን ዳገቱን።

ስደርስ ፉጨት ነበር የጠበቅሁት፣ ወንበር ሲደበደብ፣
«ኦፕሬተር! ሌባ! ብራችንን!» የሚል ሕዝብ።
ግን ዝም። ጨለማ። ሸራው ነጭ፣ ባዶ፤
የጋሽ አርጋው ድምፅ ብቻ ከቀዳዳው ወርዶ፦

«...ፈረሱ እንግዲህ ቆመ። አያችሁ? ሰውየው አልወረደም።
ሴትዮዋ ደጅ ላይ ናት፤ እጇ ላይ ጓንት የለም።
ሽፍታው በጓሮ መጣ፣ ሽጉጡን ስቦ፤ ቆይ፣ ቆይ፣
እዚህ ጋ ከበሮ አለ፤ አትሰሙም ወይ?»
ሦስት መቶ ሰው ባዶ ሸራ ላይ ዓይኑን ተክሎ፣
«ይሰማል» አለ፣ ትንፋሹን በጉሮሮው አዝሎ።

እኔ ግን ፊልሙን አውቃለሁ፤ ጀግናው እዚህ ይሞታል፤
ጭቃ የጠጣው ሞቱ ክንዴ ላይ ይንጠባጠባል።
ጋሽ አርጋው ዝም አለ። ሳል። ደግሞ ሳል።
«ጥይቱ ሳተው» አለ። «ተነሣ። ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

ያ ጭብጨባ! ያ ፉጨት! ያ የሴቶች እልልታ!
ከዝናቡ በልጦ ቆርቆሮውን መታ።
በሳምንቱ እውነተኛው ሲታይ፣ ደርቆ፣ ታጥቦ፣
«ይሄ አይደለም!» አለ ሕዝቡ በሩን ከቦ፤
ሙሴ ክሪኮር ብር መለሰ፣ እየማለ በአርመንኛ፤
ጋሽ አርጋውን ሁለት ብር ቀጣው፤ ሲቀጣው ግን ሳቀ እንደ እኛ።

ከዚያማ ዘመን መጣ፤ ቤቱ ተወረሰ፤
ሙሴ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አኖረ፣ ኮቱን ለበሰ።
ሰዓት እላፊ ሆነና የማታው ትርዒት ቀረ፤
በፖስተሩ ላይ መፈክር፣ በመፈክሩ ላይ ሌላ ኖራ ተደረደረ።
ቪዲዮ ቤት፣ ከዚያ ሲዲ፣ ከዚያ ሁሉም በእጅ መዳፍ፤
የዘርፈሽዋልን ቀዳዳ ደፈነው የኪራይ ጽሑፍ።

ትናንት ፒያሳ ወጣሁ። ቆርቆሮ አጥር። ኤስካቫተር።
ድሮ ቤት ሲመታ የማውቀው በግጥም ነበር።
ቤት ሲመታ አየሁ።
ከእንግዲህ እኔ ቤት አልመታም።

አንድ ግድግዳ ቀርቷል፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው።
የአሥር ሰዓት ፀሐይ ገብታበት
አቧራው ላይ ሁለት ብርሃን ዘርግታለች፤
የሚታይ ነገር ግን የለም።
ዘበኛው ልጅ ነው። «አባቴ፣ እዚህ ምን ነበር?»
ስለ ዝናቡ ነገርኩት፣ ስለ ሰንሰለቱ፣
ደጅ ላይ ስለቆመችው ሴትዮ።
ስልኩን ኪሱ ከተተ።
«እሺ፣ ከዚያስ? ሰውየው ሞተ?»
ጉልበቴን ይዤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።
ትንሽ ጠብቀኝ፣ ልጄ።
ጥቅል ሁለት እየመጣ ነው፤
ዳገቱ ነው የያዘኝ።